ማህፀን ሳይገባ የሚመረመር ሽል

«ላብራቶሪ ውስጥ የተፀነሰ ሽል ገና ማህፀን ሳይገባ በሽታው ይለያል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ለምትሉ የወልድያና የመርሳ ወዳጆቼ፦ አዎ፣ እውነት ነው! አሠራሩን ስትሰሙ ደግሞ ይበልጥ ትገረማላችሁ።

እንቁላሉና የወንዱ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ከተገናኙ በኋላ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሽሉ መቶ ገደማ ሕዋሳት ይኖሩታል። በዚያ ዕድሜው እንኳ ሕዋሳቱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ወደ ውስጥ የተሰበሰቡት ልጁን፣ ዙሪያውን የከበቡት ደግሞ የእንግዴ ልጁን ይሠራሉ። ባለሙያው ከዙሪያዎቹ ከ5 እስከ 10 ያህል ሕዋሳት ብቻ ይወስዳል፤ የውስጦቹን አይነካም። ሽሉ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ውጤቱን ይጠብቃል።

ምርመራው አንድም ክሮሞዞሞቹ 46 መሆናቸውን ይቆጥራል፤ አለዚያም በቤተሰቡ የሚታወቅን አንድ በሽታ ይፈልጋል። የተጀመረው በሁለተኛው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1990 አለን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ ለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ውስጥ፣ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃ የዘር በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች ሴት ሽሎችን ለይተው አስፀነሱ። አባትና እናት ራሳቸው ጤነኛ ሆነው አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ቢሸከሙ፣ በየእርግዝናው ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አያቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠራቸው ይህን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ ጉድለት በሁለቱም ወገን እንዳይገናኝ ያርቃልና። ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

ምርመራው አያክምም። የሐብሩ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን የማሽላ ራስ የሚመርጠው ከበቀለለት መካከል ነው፤ ሐኪሙም እንዲሁ ካሉት ሽሎች ይመርጣል እንጂ አዲስ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የቻይና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 37 የሆኑ፣ ቢያንስ ሦስት ጥሩ ሽል ያላቸው 1,212 ሴቶችን አነጻጽሮ ነበር። ክሮሞዞም ከተቆጠረላቸው 77.2 በመቶ፣ ካልተቆጠረላቸው 81.8 በመቶ ወልደዋል። ስለዚህ ወጣት ሴት ቆጠራው የመውለድ ዕድሏን ከፍ ያደርግልኛል ብላ ገንዘቧን ብታፈስ ያሳዝነኛል።

በእኛ አገር ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። ግሸን ስለት የምትሳለው፣ ዳና ዱዓ የምታስደርገው እሷ ናት። ስለቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ባልየው ግን የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርግ! ቀላል ነው፣ ሰውነት አይቆርጥም፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ይገኛል። የሴቷ የማህፀን ቱቦ መዘጋትም ሌላው ትልቅ ምክንያት ስለሆነ እሱም ይመርመር፤ ላብራቶሪ ውስጥ ማዳቀል መጀመሪያ የታሰበውም ለዚሁ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በመንግሥት ተቋም የመጀመሪያው ነው። ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ እነዚህን ምርመራዎች ሳይጨርሱ መንገድ መጀመር ድካሙን ያበዛዋል።

ተመሳሳይ ሕመም እየደጋገመ ልጅ የነጠቃቸው ባልና ሚስት ካሉ ግን የሽል ምርመራው ዋና ባለጉዳዮች እነሱ ናቸው። ቀድመው የሕመሙን ስም ያስለዩ፤ የታመመ ልጅ በሕይወት ካለም ደሙ ከወላጆቹ ደም ጋር ይመርመር። ላብራቶሪው በሽሉ ላይ የሚፈልገው የትኛውን የዘረመል ጉድለት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።