የአዲስ መዋኛ ገንዳ ሕመሞች በፊዚክስ ዐይን ሲታዩ

በአዲስ አበባ በሆቴሎች ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ መኖሪያ ግቢዎችም የመዋኛ ገንዳና ከጎኑ በተለምዶ «ጃኩዚ» የምንለውን አነስተኛ የሙቅ ውሃ ገንዳ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሥራው አልቆ ውሃ በተሞላ በሳምንቱ ግን ባለቤቱና ሠሪው መነታረክ ይጀምራሉ፤ ውሃው ይጎድላል፣ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ጃኩዚው አረፋ አይሰጥም፣ ማሞቂያው «አይሠራም» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ችግሮች ተማሪዎቻችን ከክፍል ከሚያውቋቸው ሕግጋት ጋር እያዛመድን እንመለከታለን። መንስኤውን ሳያውቁ መፍታትና መቆፈር ገንዘብ ከማባከን አልፎ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላልና።

በመጀመሪያ የውሃውን መጉደል እንውሰድ። ውሃው ወይ ይተናል ወይ ይፈሳል። ሁለቱን ለመለየት ከአንድ ባልዲ የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም። ባልዲውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሞልተን፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገን በገንዳው ደረጃ ላይ እናስቀምጠዋለን። ከዚያም የባልዲውን ውሃ ከፍታ በውስጥ፣ የገንዳውን ደግሞ በባልዲው ውጫዊ ገጽ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ፀሐዩም፣ ነፋሱም፣ የውሃው ሙቀትም ለሁለቱ አንድ ስለሆነ በትነት የሚጎድለው መጠን ተቀራራቢ ነው። ዝናብ በሌለበት ከ24 ሰዓት በኋላ ገንዳው ከባልዲው ይልቅ በጉልህ ከጎደለ ልዩነቱ ፍሳሽ ነው። ሙከራው አንድ ጊዜ ፓምፑ እየሠራ፣ ሌላ ጊዜ ቆሞ ቢደገም ደግሞ የበለጠ ይነግረናል፤ ጉድለቱ ፓምፑ ሲሠራ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬያችን ውሃውን ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቱቦ ላይ ይወድቃል።

ፍሳሽ መኖሩ ሲረጋገጥ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ገንዳውን ባዶ ማድረግ ነው። በክረምት ይህ አደገኛ ነው። ውስጡ 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ ወለሉና ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ገንዳ እንውሰድ። ኮንክሪቱ 36 ቶን ገደማ ይመዝናል። የታችኛው ስፋት 37 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከገንዳው መሠረት 1 ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የ37 ቶን ክብደት ያህል ይሆናል። አፈሩ በሰበቃ ካልያዘው በስተቀር ባዶው ገንዳ እንደ ጀልባ ሊነሣ፣ ሲነሣም ሊሰነጠቅና ቱቦዎቹን ሊበጥስ ይችላል። ገንዳው ሙሉ በነበረ ጊዜ የያዘው 48 ቶን ውሃ ነበር ያስቀመጠው። ውሃ አላሳልፍ በሚለው በመረሬ አፈር ላይ የተሠራ ገንዳ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ማጉደሉን ባናስበው ይሻላል።

አሁን ወደ ፓምፑ እንለፍ፤ አብዛኛው አቤቱታ የሚነሣው ከዚህ ነውና። ፓምፕ ውሃን «ይስባል» እንላለን እንጂ ፈሳሽ እንደ ገመድ ተጎትቶ አይመጣም። ፓምፑ የሚያደርገው በመግቢያው ላይ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚገፋው በገንዳው ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ጋሊልዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመሳቢያ ፓምፕ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ እንደማያወጣ ጽፏል። ምክንያቱን በአየር ክብደት ያስረዳው ግን ቶሪቼሊ ነው። ይህ 10.3 ሜትር ወሰን ለባሕር ጠለል ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ያህል ስለሆነ ወሰኑ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። ውሃው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የራሱ የእንፋሎት ግፊት ሌላ 0.75 ሜትር ይቀንሳል። ቀሪውን የቱቦው ሰበቃ ይበላዋል። ለባሕር ጠለል ከተማ የተዘጋጀ የተከላ መመሪያ እዚህ እንዳለ ሲገለበጥ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ማንኳኳት ቢጀምር ሊያስደንቀን አይገባም። ድምፁ በዝቅተኛ ግፊት የተፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ሲፈነዱ የሚሰማ ነው፤ ከቆየም የፓምፑን ተሽከርካሪ ይቦረቡረዋል።

በቱቦ ስፋት መቆጠብም ያው መዘዝ አለው። የውሃው ፍሰት እኩል ከሆነ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከውስጣዊ ዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በግልባጭ ይሄዳል። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ፈንታ 40 ሚሊሜትር ቱቦ ማስገባት ብክነቱን ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል።

በማጣሪያው ክዳን ሥር አረፋ እየታየ የትም ጠብታ ካልተገኘስ? ፓምፑ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ሲተከል፣ ከገንዳው እስከ ፓምፑ ባለው መስመር ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ቀዳዳ ቢኖር አየር ይገባል እንጂ ውሃ አይወጣም። የደረቀ የጎማ ቀለበት ወይም በደንብ ያልተጣበቀ መገጣጠሚያ ሳይረጥብ ያፈሳል ማለት ነው። መገጣጠሚያዎቹን በየተራ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

ይኸው ዝቅተኛ ግፊት ሰውንም ይይዛል። የገንዳው ማውጫ 20 ሳንቲሜትር በ20 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የዋናተኛ ገላ ደፍኖት የግፊቱ ልዩነት 40 ኪሎፓስካል ቢደርስ ኃይሉ 1,600 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የ163 ኪሎግራም ክብደት ነው። አንድን ልጅ ጎትቶ ማላቀቅ ለአዋቂም ይከብዳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ የሆነች የ7 ዓመት ሕፃን በጃኩዚ ውስጥ የሞተችው በዚህ ምክንያት ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ ገንዳዎች ገላን የማይስብ ክዳን ግዴታ ሆነ። ከአንድ ፓምፕ ጋር የተያያዙ ሁለት የተራራቁ ማውጫዎችም ይረዳሉ፤ አንዱ ሲደፈን ውሃው በሌላኛው ስለሚገባ ግፊቱ ያን ያህል አይወርድም። አዲስ ገንዳ የሚረከብ ሰው ከሴራሚኩ ቀለም በፊት ሊያየው የሚገባው ይህን ነው።

የጃኩዚው አረፋ የሚመጣው ከቬንቱሪ ውጤት ነው። ውሃው በጠባብ አፍ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በበርኑሊ መርህ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አየርም ከጎን ቱቦ ይሳባል። የአየር ቱቦው አየር በመሳብ ፈንታ ውሃ የሚተፋ ከሆነ አፉ አልተገጠመም ወይም ከፊቱ ተደፍኗል።

ማሞቂያውን በተመለከተ ደግሞ ከመክሰሳችን በፊት እንቁጠር። 1,500 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ባለ 6 ኪሎዋት ማሞቂያ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ 6 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ዋናው ብክነት ደግሞ ትነት ነው። ከላይ ካየነው 32 ካሬ ሜትር ገንዳ 1 ሚሊሜትር ብቻ ሲተን 32 ሊትር ውሃና 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አብሮ ይሄዳል። ተጨማሪ ማሞቂያ ከመግዛት ይልቅ በሌሊት ውሃውን በፕላስቲክ መሸፈን ይበልጥ ያዋጣል።