በአንድ ራስ ሁለት ምላስ፤ ሎርድ ጆን ራስልና የቪየና ድርድር

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የእንግሊዝ ሚኒስትሮች የጻፉትን ደብዳቤ ብዛት የሚመለከት ሰው ሳይገረም አይቀርም። ሚኒስትሩ ቀን ከጓደኛው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲመክር ውሎ፣ ማታ ደግሞ ለዚያው ሰው ረጅም ደብዳቤ ይጽፍለታል። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው የመንግሥት ደብዳቤ ነው፤ ይኸውም ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ የሚገባና ፓርላማው ሲጠይቅ ታትሞ ለሕዝብ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ይጽፈዋል። ሁለተኛው የግል ደብዳቤ ነው፤ በዚህ ውስጥ ሚኒስትሩ እውነተኛ አሳቡን፣ ሥጋቱንና ቅሬታውን ሳይሸፍን ይገልጻል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ምን እንደሚከተል የሎርድ ጆን ራስል ታሪክ በግልጽ ያሳየናል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ራስል በ1832 የምርጫውን ሕግ ካሻሻሉት ሰዎች አንዱ ነበረ፤ ከ1846 እስከ 1852ም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። ለእኛም ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ የቀረው ይኸው ሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ነው።

አሁን የምንናገረው ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሆነው ነገር ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ተባብረው በማርች 1854 በሩሲያ ላይ ጦርነት ዐወጁ፤ በሴፕቴምበርም ጦራቸውን በክሪሚያ አወረዱ። በክረምቱ ወታደሩ በብርድና በበሽታ ስላለቀ፣ የለንደን ፓርላማ በጃንዋሪ 1855 በ305 ድምፅ ለ148 የጦርነቱ አመራር እንዲመረመር ወሰነ፤ የሎርድ አበርዲንም መንግሥት ወደቀ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ፓልመርስተን ራስልን ለዕርቅ ድርድር ወደ ቪየና ላከው። ጉባኤው የተከፈተው በማርች 15 ቀን ነው።

የመነጋገሪያው ነጥቦች አራት ነበሩ። ስለ ዳንዩብ አገሮችና ስለ ዳንዩብ ወንዝ የተነሡት ሁለቱ ብዙ ሳያከራክሩ አለፉ። ድርድሩን ያሰናከለው ሦስተኛው፣ ማለት የጥቁር ባሕር ጉዳይ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሩሲያ በዚያ ባሕር ያላት የጦር መርከብ እንዲቀነስ ፈለጉ። የሩሲያው መልክተኛ ልዑል ጎርቻኮፍ ግን፣ ያልተሸነፈ መንግሥት በገዛ ባሕሩ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ አይቀበልም ብሎ እምቢ አለ። በእርግጥም ሴቫስቶፖል ገና አልተያዘችም ነበር።

በዚህ ጊዜ የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቡኦል አንድ የማስታረቂያ አሳብ አቀረበ። ሩሲያ ከጦርነቱ በፊት የነበራትን ያህል መርከብ ትያዝ፤ ከዚያ ካለፈች ግን ኦስትሪያም ከሁለቱ መንግሥታት ጋር ሆና በጦር ትነሣባታለች የሚል ነው። ራስልና የፈረንሳዩ መልክተኛ ድሩዌን ደ ልዊስ አሳቡን ወደዱት። ራስልም መቀበል እንደሚገባ ወደ ለንደን ጽፎ አስታወቀ። ነገር ግን ናፖሌዎን 3ኛም፣ የፓልመርስተን ካቢኔም አሳቡን ጣሉት።

እንግዲህ የሁለቱ መልክተኞች መንገድ የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ምክሬ ካልተሰማ ብሎ ወዲያው ሥልጣኑን ለቀቀ። ራስልም ለመልቀቅ አስቦ ነበር፤ ሆኖም አዲሱ መንግሥት እንዳይናጋ በማለት በሚኒስትርነቱ ቀረ። መቅረቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በሜይ 24 ቀን በፓርላማ ተነሥቶ ጦርነቱ በብርቱ መቀጠል እንዳለበት ተናገረ። በጎኑ የተቀመጡት ሚኒስትሮች ከቪየና የላከውን ምክር ያውቃሉ፤ ሕዝቡ ግን አያውቅም። ከሦስት ሳምንት በላይ ጥቂት ቈይቶ፣ በጁን 18 ቀን፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች በሴቫስቶፖል ምሽግ ላይ ያደረጉት ጥቃት ከባድ እልቂት አስከትሎ ከሸፈ።

ምሥጢሩን ያወጣው ራሱ ቡኦል ነው። ለአገሩ መልክተኞች በላከው ደብዳቤ ሁለቱም የምዕራብ መልክተኞች በኦስትሪያ አሳብ ተስማምተው እንደነበር ገለጠ፤ ይህም በጋዜጣ ታተመ። በጁላይ ወር በፓርላማ ሲጠየቅ ራስል እውነት መሆኑን አመነ። ያን ጊዜ ጦርነቱን የሚደግፈውም ዕርቅ የሚፈልገውም በአንድነት ተነሣበት፤ አንደኛው ለቪየናው ምክሩ፣ ሌላው ለለንደኑ ንግግሩ። ቡልወር ሊተን የነቀፌታ ውሳኔ እንደሚያቀርብ ባስታወቀ ጊዜ፣ ራስል ድምፅ ሳይሰጥበት ሥልጣኑን ለቀቀ።

የሚያስገርመው፣ የቪየናው ምክር ራሱ የሞኝ ምክር አለመሆኑ ነው። ሴቫስቶፖል በሴፕቴምበር 1855 ወደቀች። በማርች 30 ቀን 1856 በተፈረመው የፓሪስ ውል ሩሲያ በጥቁር ባሕር የጦር መርከብ እንዳታቆም፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትም እንዳትሠራ ተከለከለች። ግን በ1870 ፈረንሳይ በፕሩሲያ ስትሸነፍ ያው ጎርቻኮፍ ክልከላውን እንደማይቀበል አስታወቀ፤ በ1871ም በለንደን በተደረገ ውል ክልከላው ተሰረዘ። ያን ያህል ደም የፈሰሰበት ገደብ 15 ዓመት ብቻ ቈየ ማለት ነው።

ስለዚህ ራስልን የጣለው የአሳቡ ስሕተት አይደለም። የካቢኔ ሥርዓት አንድ ሚኒስትር በውስጥ እንዲከራከር ይፈቅድለታል፤ ከተረታ በኋላ ግን ወይ ውሳኔውን የራሱ አድርጎ መቀበል፣ ወይ መልቀቅ አለበት። ራስል ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምናልባት ይቅር ይባል ነበር። እርሱ ግን በደብዳቤው ዕርቅን መክሮ ሲያበቃ፣ በአደባባይ ሌላው ሰው ልጁን ወደ ጦርነት እንዲልክ አደፋፈረ። ደብዳቤ ደግሞ ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ ተደብቆ አይቀርም።