ባሌ ተራሮች፦ ከዲንሾ እስከ ሀረና በእግርና በፈረስ

የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሳዑዲ አረቢያ መዲና በሪያድ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤው ነው። ውሳኔው ከቀይ ባሕር ማዶ መተላለፉ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ዳርቻዎች ትስስር ግን አጋጣሚ አይደለም። ከባሌና ከአርሲ ተነሥተው ለሥራ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ተራራውን ከመንደራቸው አሻግረው እያዩ ያደጉ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ወጥተው ያላዩት አሉ። ለዒድ ወይም ለዓመት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለስ ቤተሰብ ጥቂት ቀናት ቢተርፉት፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲንሾ የጉዞው በር ናት።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህችው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል የሚያልፈው አጭር የእግር መንገድ ለሕፃናትም ለአረጋውያንም የሚመች ነው። የደጋ አጋዘን ወይም ኒያላ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ይህን እንስሳ የሳይንስ ዓለም ያወቀው እጅግ ዘግይቶ፣ በ1908 ነው። በዲንሾ ግን ጠመዝማዛ ቀንዱን አቀርቅሮ ሣር ሲግጥ፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም ከአጠገቡ ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። ከዲንሾ ተነሥቶ የዌብን ሸለቆ በመከተል ወደ ሰነቴ አምባ የሚወስደው ጉዞ እንደ ተጓዡ ጉልበት ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ይፈጃል። መንገዱ በአመዛኙ መሐንዲስ የቀየሰው አይደለም፤ እረኞችና የጭነት ከብቶች ለዘመናት እየረገጡ ያቀኑት ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያንቀሳቅስበት ጎዳንቱ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለው። እንስሳቱ ማዕድን ያለበትን የሆራ ውኃ ለመጠጣት የሚወጡበትም መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ የቀለም ምልክትና የአቅጣጫ ሰሌዳ የሚጠብቅ ጎብኚ ይቸገራል። መንገድ መሪ መያዝ፣ ከእርሱም ጋር ፈረስና ባለፈረስ መከራየት ያስፈልጋል። በባሌ ፈረስ የቱሪስት መዝናኛ ሳይሆን የዕለት ኑሮ አካል ስለሆነ፣ ተጋላቢ ያልሆነ ሰው እንኳ በባለፈረሱ እርዳታ ያለ ብዙ ችግር ይጓዝበታል።

የማረፊያ ሥፍራዎቹ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በፓርኩ ቅጥር ግቢ ካለው የቆየ የእንግዳ ማረፊያ ባሻገር በተራራው ላይ የሚገኙት የድንኳን ቦታዎች ሜዳና ውኃ ያላቸው፣ ከዚያ ያለፈ ብዙም ያልተሟላላቸው ናቸው። ድንኳን፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ምግብና የማብሰያ ምድጃ ከነነዳጁ ይዞ መውጣት የተጓዡ ድርሻ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ነገር ግን አስታ ቆርጦ እሳት ማንደድ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ቁጥቋጦ የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ነዳጅ ይዞ የመሄዱ ሸክም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በበጋ ወራት በአስታው ላይ የሚነሣ እሳት ፓርኩን ደጋግሞ ጎድቶታል።

ከዌብ ሸለቆ መስህቦች አንዱ ፊንጫ ሀበራ ነው። ፏፏቴው ራሱ ማራኪ ነው፤ የአካባቢውን ስም በዓለም ያስጠራው ግን በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የዓለት መጠለያ ነው። ተመራማሪዎች በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በዚህ መጠለያ ይኖሩ ነበር። በረዶ ግግር በተራራው አናት ላይ በነበረበት በዚያ ዘመን የዕለት ምግባቸው በአብዛኛው ግዙፉ ፍልፈል ነበር። ይህ ፍልፈል እስከ ዛሬ በባሌ ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ የሰው ልጅ የተወውን ገበታ ቀይ ቀበሮ ወርሶታል።

ጉዞው በሚያቋርጠው የሰነቴ አምባ ላይ የሚታየው ይኸው ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ጎብኚው ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ቀበሮውን እየገደለው ያለው አዳኝ ሳይሆን ከእረኞች ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ውሾችን መከተብ፣ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ በማባበያ ሥጋ ውስጥ ክትባት ማዳረስ ተጀምሯል። ነገር ግን እረኛውን ከነውሻው ከተራራው ማስወጣት መፍትሔ ነው ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። ፓርኩ ከ1970 ገደማ ጀምሮ ቢቋቋምም ወሰኑ በሕግ የጸናለት በ2014 ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሰፈራው እየበዛ፣ ግጦሹም እየጠነከረ ሄዷል። ቤተሰቡን በከብት የሚያስተዳድር ሰው ሣሩን ለቀበሮና ለፍልፈል እንዲተው የሚጠየቅ ከሆነ፣ በምትኩ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል። የፈረስ ኪራይ፣ የመንገድ መሪነት ክፍያና የድንኳን ቦታ ጥበቃ ዛሬ በእጅ ካሉት ምላሾች መካከል ናቸው፤ በቂ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። የውኃው ጉዳይም አለ። ከእነዚህ ተራሮች የሚመነጩት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደሚጠቀምባቸው ይነገራል።

ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚመጣ ተጓዥ ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅ የሚገባው ከፍታውን ነው። በጅዳ ወይም በዱባይ የኖረ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ 4,000 ሜትር ላይ ቢገኝ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያስቸግሩት ይችላሉ። በዲንሾ ወይም በጎባ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድሮ መውጣት፣ ሕመሙ ከበረታም ሳይዘገዩ መውረድ ይገባል። ለጉዞው ተመራጭ የሆነው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ሆኖም በእነዚሁ ወራት የሰነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ለሱብሕ ውዱእ የተቀመጠው ውኃም በረዶ ሆኖ ሊነጋ ይችላል። አስቀድሞ በቴርሞስ የሞቀ ውኃ መያዝ ይህን ችግር ያቃልላል። የምግብ ጉዳይ አያሳስብም፤ የአካባቢው ነዋሪ በአመዛኙ ሙስሊም በመሆኑ ሐላል ሥጋ በሮቤም በጎባም በዲንሾም ይገኛል። ቂብላን ለመለየትም ብዙ መድከም አያስፈልግም። መካ ከባሌ ተራሮች ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናት ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሰነቴ ላይ የቆመ ሰጋጅ ፊቱን በቀጥታ ወደ ሰሜን ሲያዞር 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ካዕባ ዞሯል ማለት ነው።

በእግር መጓዝ ለማይችሉ ሰዎች ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ አምባውን ያቋርጣል። መንገዱ በአፍሪካ እጅግ ከፍ ብለው ከተሠሩት አንዱ ነው። ከእርሱ የሚገነጠል ሌላ መንገድ እስከ ቱሉ ዲምቱ አናት፣ እስከ 4,377 ሜትር ያደርሳል። የመኪና ፍጥነት እዚህ ላይ የቀበሮ ነፍስ ጉዳይ ስለሆነ አሽከርካሪውን ማሳሰብ የተሳፋሪው ፈንታ ነው። ከአምባው ጫፍ መንገዱ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ጅብራውና ባዶው ሜዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሽበት በተሸፈነ አስታ፣ ቀጥሎም በሀረና ጥቅጥቅ ደን ይተካሉ። በሪራ መንደር የሚቆም ሰው ከዛፍ ላይ ቀፎ የወረደ ማርና ከደን የተለቀመ ቡና ያገኛል።

ተጨማሪ ቀን ያለው ተጓዥ ወደ ሮቤ ተመልሶ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሊቀጥል ይችላል። በዲንሾ የተሻገረው ያው የዌብ ወንዝ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራውን ይህን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። በዋሻው ውስጥ ሲሄዱ ወንዙን በእግር እየተሻገሩ በመሆኑ፣ ዝናብ በጣለበት ሰሞን መግባት አይቻልም።