የፓስቲው ወረቀትና የቶኪዮው ሆቴል መስኮት

ትኩስ ፓስቲ ስትገዙ ሻጯ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ገንጥላ ትጠቀልልላችኋለች። በልታችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ዘይት የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጣታችሁን ከጀርባው ብታስጠጉም ይታያችኋል። ዘይት ያልነካው ቦታ ግን እንደነበረው ነጭ ነው።

ዘይቱ ወረቀቱን አልቀደደውም፣ አላሳሳውምም። ታዲያ ምን አደረገው? የዚህ ጥያቄ መልስ፣ የጃፓን ቤት አሠራርን ተከትለው በተሠሩ ውድ ሆቴሎች ውስጥ የእንግዳው ዓይን ለምን እንደሚያርፍም ይነግረናል።

ኦቴማቺ የቶኪዮ የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች ሰፈር ነው። መስታወት የለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ሰፈር ውስጥ ሆሺኖያ ቶኪዮ የተባለ ሆቴል ተከፈተ፤ 84 ክፍሎች አሉት። እንግዳ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ከዚያ በኋላ የሚረግጠው ታታሚ የሚባለውን ከሣር የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ አሳንሰሩ ውስጥ ሳይቀር ታታሚ ተነጥፏል።

ክፍላችሁ ስትደርሱ ወደ መስኮቱ ሂዱ። ከመስታወቱ በስተውስጥ ከቀጫጭን እንጨት የተሠራ ፍርግርግ ታገኛላችሁ። በፍርግርጉ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሾጂ ይባላል፤ ጃፓኖች ለብዙ መቶ ዓመታት በቤታቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

እንግዳው ብርሃን ይፈልጋል፤ ከፊት ለፊቱ ቢሮ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን አይፈልግም። ወፍራም መጋረጃ ቢዘጋ ክፍሉ ይጨልምበታል፤ ባዶ መስታወት ቢተው አደባባይ ላይ የተቀመጠ ያህል ይሆናል። ሾጂው ብርሃኑን አስገብቶ ተመልካቹን ውጭ ያስቀረዋል።

እንዴት? ወረቀት በዓይን ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። በማጉያ መነጽር ብታዩት ግን እርስ በርሱ የተቆላለፈ የጭረት ክምር ነው፤ በጭረቶቹ መካከል ደግሞ አየር አለ። ብርሃን ከአየር ወደ ጭረት ሲገባ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከጭረቱ ሲወጣም እንደገና ይቀይራል። ቅዳሜ ቀን በመርካቶ ግርግር ውስጥ እንደሚያልፍ ሰው ነው፦ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲገፋው ቆይቶ፣ ሲወጣ ፊቱ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም።

ስለዚህ ብርሃኑ ከወረቀቱ ወዲህ ይደርሳል፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው መስመር ግን ጠፍቷል። ሰው፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት ብሎ መለየት አይቻልም። የሚቀረው ነጭ ወገግታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፓስቲው ወረቀት እንመለስ። ብርሃን አቅጣጫውን የሚቀይረው በሁለቱ ነገሮች ውስጥ ያለው ፍጥነት ሲለያይ ነው። በአየርና በጭረት መካከል ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በዘይትና በጭረት መካከል ግን እጅግ ትንሽ ነው። ዘይቱ በጭረቶቹ መሃል የነበረውን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ያኔ ብርሃኑን የሚያጣምመው ነገር ስለሚያንስ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ወረቀቱን ነጭ አድርጎት የነበረው ለካ በውስጡ ያለው አየር ነው!

በውሃም ሞክሩት። ሶፍት አርጥባችሁ ወደ መብራት አቅጣጫ ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃን ያሳልፋል። እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ነጭነቱ ይመለሳል፣ ውሃው ተንኖ ቦታውን ለአየር ለቅቋልና። ዘይት ግን በቀላሉ አይተንም፤ የፓስቲው ወረቀት በማግስቱም እንደዚያው የሚሆነው ለዚህ ነው። ነጭ ነጠላ ዝናብ ሲመታው ከሥሩ ያለውን ልብስ የሚያሳየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ ማታ አድርጉት። የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ወደ ግድግዳ አብሩና እጃችሁን በመሃል አስገቡ። የእጃችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጣቶቻችሁን መቁጠር ትችላላችሁ። አሁን በባትሪውና በእጃችሁ መካከል፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ያዙለት። የጥላው ጠርዝ ወዲያው ይደበዝዛል።

ቀድሞ ብርሃኑ ከአንዲት ነጥብ ነበር የሚመጣው፤ እጃችሁ ያንን ከጋረደ ሌላ የሚደርስ ብርሃን አልነበረም። አሁን ግን የወረቀቱ ገጽ በሙሉ መብራት ሆኗል። በአንዱ በኩል ስትጋርዱት ከሌላው በኩል ይመጣል። ፎቶ አንሺዎች መብራታቸው ላይ ነጭ ጃንጥላ የሚዘረጉት ፊታችን ላይ ጥቁር ጥላ እንዳይወድቅ ብለው ነው።

ሆቴሉ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በባዶ መስታወት የገባ ፀሐይ ወለሉ ላይ የሚያንጸባርቅ ቦታ ይሠራል፤ ጥጉ ደግሞ ይጨልማል። ዓይናችን በሁለቱ መካከል በተመላለሰ ቁጥር ብሌኑ ሲጠብና ሲሰፋ ይውላል። ሾጂው ሲዘጋ ግን ብርሃኑ እስከ ጥጉ ይዳረሳል፤ ዓይንም ያርፋል።

ለሾጂ በልማድ የሚመረጠው ወረቀትም ተራ ወረቀት አይደለም። አንድ ተራ ወረቀት ቀድዳችሁ ጠርዙን በብርሃን እዩት፤ ብቅ ብቅ የሚሉት ጭረቶች በጣም አጫጭር ናቸው። ከእንጨት የሚሠራ ወረቀት ጭረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ዋሺ የተባለው የጃፓን የእጅ ሥራ ወረቀት ግን በአብዛኛው የሚሠራው ኮዞ ከተባለ ተክል የውስጥ ልጥ ነው፤ የዚህ ጭረት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ረጃጅም ጭረቶች በደንብ ስለሚቆላለፉ ወረቀቱ ስስ ሆኖም ጠንካራ ነው። ዩኔስኮ ይህንን የወረቀት ሥራ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

አለጣጠፉም ብልሃት አለው። በቆየው ልማድ ወረቀቱ በሩዝ ሙጫ ይለጠፋል፤ ከዚያ ውሃ እፍ ይባልበታል። ውሃ የጠጡት ጭረቶች ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ ተሸብሽቦ የነበረው ወረቀት ያለምንም መሣሪያ ይወጠራል።

ሾጂ አንድ ድክመት አለው፤ የእናንተ ስስ መጋረጃም ይጋራዋል። ማታ መብራት ስታበሩ ጥላችሁ ላዩ ላይ ይወድቃል። ወደ መጋረጃው በተጠጋችሁ መጠን ለውጭ ሰው ጎልታችሁ ትታያላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መብራቱን በእናንተና በመጋረጃው መካከል አድርጉት። ያኔ ጥላችሁ የሚወድቀው ከኋላችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለቤታችሁ ምን ይጠቅማል? ልጃችሁ የቤት ሥራ ሲሠራ ደብተሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ከጀርባው አንድ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል ካለ፣ የራሱ ጭንቅላትና እጅ ጥላ የሚጽፈውን መስመር ይሸፍንበታል። የጠረጴዛ መብራት ካላችሁ ደብተሩ ላይ በቀጥታ ከማብራት ይልቅ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት። ግድግዳውም ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ጥላው ይለሰልሳል። ብርሃኑ በመጠኑ ስለሚቀንስ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ ቀን ቀን ደግሞ ነጭ ስስ መጋረጃ ወዳለበት መስኮት አዙሩት። ወረቀት መጠቀም ከፈለጋችሁ ግን ከአምፖሉ አርቁት፤ የሚግል አምፖል ወረቀት ያቃጥላል።