ሚክሰሩን ከመግዛትዎ በፊት ውኃዎን ይለኩ

ቤትዎ ጣሪያ ለብሶ ልስኑ ሊጀመር ከሆነ፣ የቧንቧ ዕቃ መምረጫ ጊዜዎ አሁን ነው። መርካቶ ይሂዱ ተክለ ሃይማኖት፣ መደርደሪያው ላይ የሚያገኙት በአብዛኛው ከቻይና፣ ከቱርክ ወይም ከጣሊያን የመጣ ዕቃ ነው። ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ሻጩም ስለ አገሩ ብዙ ያጫውትዎታል። እርስዎ ግን ከሁሉ በፊት ዕቃው በቤትዎ ውኃ መሥራቱን ያረጋግጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውኃ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ከከፍታው ነው። ይህ ጉልበት ግፊት ይባላል፤ የሚለካውም በባር ነው። አንድ ባር 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ውኃ ወደ ታች የሚገፋበት ኃይል ነው።

እንግዲህ ሜትር ይያዙ። ከሮቶው ሥር እስከ ሻወሩ ራስ ያለውን ቁመት ይለኩ። 3 ሜትር ከሆነ ያለዎት ግፊት 0.3 ባር ነው። ብዙ የአውሮፓ ሚክሰሮች፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ የሚያደባልቁ ቧንቧዎች፣ ቢያንስ 0.5 ወይም 1 ባር ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ሻጩ ከፍቶ ያሳይዎት። ግፊቱ ካነሰ ዕቃው አይሰበርም፤ ውኃው ግን ቀጥኖ ይወርዳል። ከኮርኒስ የሚንጠለጠለው ሰፊ ሻወር ደግሞ ከመሐሉ ብቻ ያንጠባጥባል።

ፓምፕ ብገጥምስ ይሉ ይሆናል። ይሠራል። ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ ራሱ የሚቆም ትንሽ ፓምፕ ከሮቶው ሥር ይገጠማል። መብራት ሲጠፋ ግን ግፊቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንዳንድ ተራ ቧንቧ በፓምፑ ሳያልፍ በቀጥታ ከሮቶው ይምጣ። ይህን መስመር ከልስን በፊት መዘርጋት ቀላል ነው፤ በኋላ ግን ግድግዳ ያስፈርሳል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በአንዳንድ ቤት ቀዝቃዛው በቀጥታ ከከተማው መስመር ይመጣል፤ ሙቁ ደግሞ ከሮቶ በውኃ ማሞቂያው በኩል። የከተማው ውኃ በኃይል ሲመጣ ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያን ጊዜ እጀታውን ወደየትም ቢያዞሩት የሚወርደው ቀዝቃዛ ነው። ሰው ሚክሰሩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የመስመሩ ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይምጡ።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ መቀመጫ እንሂድ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፍሳሹ በሁለት መንገድ ይወጣል፤ ወይ ወደ ወለሉ ወይ ወደ ግድግዳው። በወለል ለሚወጣው ዋናው ልክ ከግድግዳው እስከ ቱቦው መሐል ያለው ርቀት ነው። የአሜሪካ ዕቃ ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች፣ ማለትም 30.5 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ከቻይና የሚመጡት ባለ 30ም ባለ 40ም አሉ። በግድግዳ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው የቱቦው መሐል ከወለሉ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ይፈልጋል።

እነዚህ ልኮች በሙሉ የሚቆጠሩት ካለቀ ግድግዳና ወለል ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ከባዶ ብሎኬት 30 ሴንቲ ሜትር ለክቶ ቱቦውን ቢተክል፣ ልስኑ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይበላሉ። የቀረው 27 ወይም 26 ይሆናል፤ መቀመጫውም አይገባም። ስለዚህ መቀመጫው አስቀድሞ ይገዛ። ሳይት ላይ ይምጣና ሠራተኛው ራሱን ዕቃውን እየለካ ቱቦውን ይትከል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዕቃ ልላክልህ ካለዎት ሁለት ነገር ይንገሩት። አንደኛ፣ የአሜሪካ የቱቦ ጥርስ እዚህ ከለመድነው የእንግሊዝ ጥርስ ይለያል። በግማሽ ኢንች ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው መዞር ይጀምራሉ፤ ያም ያታልላል። ቅርጻቸው ግን ስለማይገጥም ወይ መሐል ላይ ይነክሳሉ ወይ ያንጠባጥባሉ፤ ቴፍሎን ቢደራርቡም አያስተማምንም። መቀየሪያው ከዚያው አብሮ ይምጣ። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ የሚሞቅ መቀመጫ፣ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ስለሆነ ይቃጠላል።

ዋጋውስ ለምን ይህን ያህል ከበደ? ዕቃው የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ ግብር አለ። የጉምሩክ ቀረጡን ብንተወው እንኳ፣ ከነማጓጓዣው 100 ብር የወጣበት ዕቃ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 115 ይሆናል። ሱር ታክስ የሚባለው ሌላ የ10 በመቶ ግብር ደግሞ በዚህ በ115ቱ ላይ ይሰላል። ድምሩ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም።

ገንዘብዎ ውስን ከሆነ እኔ የምመክርዎት ይህን ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበረው አይሰስቱ፣ ውጭ ለሚንጠለጠለው ግን መቆጠብ ይችላሉ። የሻወር ራስ በደቂቃ ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ሚክሰር አካሉ ሲያፈስ ግን ሴራሚክ ይሰበራል። ይህን ዓይነቱን ከወደዱ አካሉ ከናስ፣ ነጋዴዎቹ ብራስ ከሚሉት፣ የተሠራ ይሁን። በእጅዎ ይመዝኑት። ቀለል ያለውና ርካሹ ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አንገቱ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል።

መለዋወጫም አስቀድሞ ይታሰብ። በባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ውስጥ ውኃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ካርትሪጅ የሚባል ክፍል አለ። ሚክሰር ሲያንጠባጥብ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው እሱ ነው። ስፋቱ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደ ስለሆነ ገበያ ላይ አይጠፋም። ለየት ያለ ቅርጽ ካለው ከሚክሰሩ ጋር አንድ ትርፍ ይግዙ።

ካርትሪጁን የሚገድለው አሸዋ ነው። ፈረቃው ሲመለስ የሚመጣው የደፈረሰ ውኃ በውስጡ ያሉትን ስስ የሴራሚክ ሳህኖች ይፍቃቸዋል። ውኃው ወደ ሮቶው በሚገባበት መስመር ላይ ማጣሪያ ያስገቡ። በአዲስ ቤት ደግሞ ቱቦው ራሱ ሲሚንቶና የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ይዟል። ሚክሰሩ ከመገጠሙ በፊት ውኃው በባዶ ቱቦ በደንብ ይፍሰስ።

ልስኑ ከመጀመሩ በፊት መስመሩ ሁሉ በመፈተሻ ፓምፕ ግፊት ይሞላ፤ የግፊት መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉና ይደር። ጠዋት ቁጥሩ ወርዶ ካገኙት፣ የሚያፈሰው መገጣጠሚያ ገና በዓይን ይታያልና ግድግዳው ሳይዘጋ ያስጠግኑት።