ዲጄ የገባለት ሰው የመውጫ ቀኑን ያስጽፍ

ይህን የምነግራችሁ ከክፍያው መስኮት በዚህኛው ወገን፣ የጤና መድህን ሰነድ ሲደራጅ፣ ሲመረመርና ሲመለስ ከሚያይ ሰው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሐኪሞቹ ይህን አይነግሯችሁም፤ ሊደብቁ ፈልገው ሳይሆን ወረቀቱ እኛ ጋ ደርሶ ምን እንደሚገጥመው ስለማያዩ ነው።

ከዴቻ ወይም ከጨና የመጣ ገበሬ ጎኑን እየወጋው፣ ሽንቱ ደም ቀላቅሎ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይደርሳል። ጠጠሩ ከኩላሊት የሚወርደውን መስመር ዘግቶት ከሆነ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል፤ ለካፋ ሰው ቅርቡ ጅማ ነው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። እዚያ ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ይገባለታል። ሐኪሞቹ «ዲጄ» የሚሉት ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ፣ አንዱ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ የሚቀመጥ። ሽንቱ ይወርዳል፣ ሕመሙ ይታገሳል፣ ሰውየው ወደ ቡናው ይመለሳል።

የእኛ ሥራ ከዚያ ይጀምራል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚሠራው በዱቤ ነው፤ ሆስፒታሉ አክሞ ሒሳቡን ለወረዳው ይልካል፣ ወረዳው መርምሮ ይከፍላል። «የኩላሊት ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና» ተብሎ የመጣ ሒሳብ ይጠየቅበታል፣ ይመለሳል፣ ይከርማል። «የግራ የሽንት ቱቦ ጠጠር፣ ኤን 20.1፣ በግራ በኩል ዲጄ ገብቷል» ተብሎ ከሕመሙ መለያ ቁጥር ጋር ተጽፎ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ግን ያልፋል። ተመልሶ የቀረ ብር በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይታያል፤ የሚጎዳው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ታማሚ ነው።

ብር ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። ዋናው ነገር ዲጄ ሁለት ሕክምና መሆኑ ነው፤ መግባትና መውጣት። አሜሪካኖች ለመግባቱ 52332፣ ለመውጣቱ 52310፣ መውጣቱ ከከበደ ደግሞ 52315 የሚል የየራሱ የሒሳብ መለያ ቁጥር ሰጥተውታል። በእኛ ወረቀት ላይ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሲዘለል ደጋግሜ አያለሁ። ቱቦው እንደ ሕመሙ ዓይነት ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ መውጣት አለበት። በጊዜው ከሆነ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከተረሳ ግን ራሱ ጠጠር ያበቅላል፣ ማውጣቱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይሆናል፣ ኩላሊቱም ሊሞት ይችላል።

በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን አጻጻፍ ነው። በታኅሣሥ ዲጄ የገባለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የቱቦው መውጫ ቀን «15/3» ተብሎ ይጻፋል። ሐኪሙ ማርች 15 ማለቱ ነው፣ በእኛ መጋቢት 6። ገበሬው ኅዳር 15 ብሎ ያነበዋል፣ ከመጋቢት በኋላ ስምንት ወር አልፎ። ሕመም የለውም፣ አይጠራጠርም፣ ይጠብቃል። እንዲህ የዘገየ ሰው ካርድ ይዞ ሲመጣ ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ ያነበበው በትክክል ነው፣ የተጻፈለት ግን በሌላ አቆጣጠር ነበር።

ሁለተኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር የጤና መድህን አባልነት እድሳት ነው። መዋጮው ዓመታዊ ስለሆነ ዲጄው ገብቶ ሳይወጣ የአባልነት ዘመኑ ሊያልቅ ይችላል። መታወቂያው ሳይታደስ ከተሄደ ሙሉ ወጪው በራስ ኪስ ነው። የሪፈር ወረቀት ሳይያዝ በቀጥታ ከተሄደም ግማሹን ራስ መክፈል ይመጣል። ለማስወጣት ሲኬድ አዲስ ሪፈር ያስፈልግ እንደሆነ ከጉዞው በፊት ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ነው። ቱቦው ከሆስፒታሉ ውጭ ተገዝቶ ይምጣ ከተባለም ደረሰኙ በታማሚው ሙሉ ስም ይቆረጥ፣ ማዘዣውም ማኅተም ይኑረው። ያለ እነዚህ ወረዳው ጋ ስለ ገንዘቡ መነጋገር እንኳ አይቻልም።

ሐኪም ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ መስመር ነው፤ የመውጫውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፋችሁ ስጡ። እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ዲጄ ገብቶለት ቀኑን የማያውቅ ሰው ካለ ወረቀቱን አስይዛችሁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመም እስኪሰማው አትጠብቁ።