የማዳም ድመት ስንት ዓመት ትኖራለች?

እዚህ ማርካ ከልጆችና ከአረጋውያን ሌላ የማዳምን ድመት የምትንከባከቡ አላችሁ። ድመቷ ስትሞት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት። ዐረቦች ድመት ሰባት ነፍስ አላት ቢሉም ያለቻት አንዲት ናት።

ከቤት የማትወጣ ድመት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ትኖራለች። ክሬም ፓፍ የተባለችው የአሜሪካን ድመት በ2005 እ.ኤ.አ. ስትሞት 38 ዓመቷ ነበር! እንደ አገራችን ድመት አይጥ እያደነች በየጓሮው የምትዞረውን ግን መኪና፣ ውሻና በሽታ ቶሎ ይቀጯታል።

ያረጀችውን ብዙ ጊዜ የሚገድላት የኩላሊት በሽታ ወይም ካንሰር ነው። ውኃ ካበዛችና ከከሳች ለማዳም ንገሩ። ወንዱ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው ግን ለነገ አይባልም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል። ማዳም ድርቀት ይመስላታል። እናንተ ግን አሸዋውን የምትጠርጉት ስለሆናችሁ ደረቅ መሆኑን አሳይታችሁ «በይጣሪ» በሏት፤ የእንስሳት ሐኪም ማለት ነው።

ለራስ ምታት የምንውጠው ፓናዶል አንዱ ፍሬ ድመት ይገድላል፤ ሻንጣችሁ ውስጥ ቆልፉት። ዴቶል በተወለወለ ወለል ተራምዳ መዳፏን ከላሰችም ትመረዛለች፤ ወለሉ እስኪደርቅ በሩን ዝጉ። ሊሊ የሚባለው አበባም ኩላሊቷን ያጠፋል።

ከፎቅ የሚወድቁም ብዙ ናቸው። ምንጣፍ ስታራግፉ የበረንዳውን በር ከኋላችሁ ዝጉ። የበረንዳው ጠርዝ ላይ ከወጣች ቱና ከፍታችሁ ጥሯት እንጂ እናንተ እንዳትንጠላጠሉ።